ባሌ የዕቁባችንን ብር አሮጌ ቮልስ ሊገዛበት ነው፤ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። የምጽፍልህ ከፍኖተ ሰላም ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ባሌ ደህና ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም። አንድ አመል ግን አለበት፣ አሮጌ የእጅ ሰዓት ይሰበስባል። አባቱ የኤንትሬ ሹፌር ነበሩ። ሲሞቱ ሴይኮ ፋይቭ ሰዓታቸውን ተዉለት፤ ከዚያ ወዲህ ነው የጀመረው። ደብረ ማርቆስ በሄደ ቁጥር፣ ባሕር ዳር ለስብሰባ በሄደ ቁጥር አንድ የቆመ ሰዓት ይዞ ይመጣል። አሁን መሳቢያው ሞልቷል፣ ግማሾቹ አይሠሩም። ትንሹ ልጃችን እያወጣ ይጫወትባቸዋል። ይሄን ችዬ ነበር። አሁን ግን ዕቁብ ወጣልን። ብሩ ለጀመርነው ቤት ጣሪያ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። እሱ ደግሞ ባሕር ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ቮልስ አገኘሁ፣ ዋጋው በየዓመቱ ስለሚጨምር ከቤቱ ይልቅ እሱ ያተርፈናል ይለኛል። ተጣላን። በንዴት ‹ሰዓቶችህን ለቁራሌው ነው የምሸጣቸው› አልኩት። ይኸው ስንት ቀኑ፣ አያናግረኝም። ይሄ ነገር በሽታ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። በሽታ አይደለም። በዕቁቡ ብር ጉዳይ ደግሞ ካንቺ ጋር ነኝ፤ ጣሪያው ይቀድማል። ሁለቱንም አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረውን ስታነቢ ለባልሽ ያደላሁ እንዳይመስልሽ ነው፤ ስለ ሰዓቶቹ ብዙ የምለው አለኝና።

እንጅባራ ለናንተ ቅርብ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አይተሽ ይሆናል፣ ካላየሽም በቴሌቪዥን አታጪውም። እዚያ ፈረሱን አስጊጦ የሚወጣውን ሰው እስቲ አስቢው። ባሕር ዳር ጉዳይ ሲኖረው በሚኒባስ ነው የሚሄደው፣ ከተማ ውስጥ በባጃጅ ይንቀሳቀሳል። ያንን ፈረስ ግን ዓመቱን ሙሉ ያበላዋል፣ ያጥበዋል፣ ለኮርቻውና ለጌጡ ገንዘብ ያወጣል። አበድክ የሚለው ሰው አለ? የለም። አባቶቹ ዓድዋ የዘመቱት በፈረስ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እሱም ይህ ነገር በሱ ዘመን እንዲቀር አይፈልግም። ባልሽ የያዘው ነገር ከዚህ ብዙም አይለይም። ብቻ እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አብሮ ይጋልባል፣ ባልሽ ግን ብቻውን ነው። ብቻውን የሚደረግ ነገር ደግሞ ለሚያየው ሰው እብደት ይመስላል።

አባቱ የኤንትሬ ሹፌር ነበሩ ብለሻል። ይህቺን በአንድ መስመር አለፍሻት፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የደብዳቤሽ ቁልፍ እሷ ናት። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት የጣሊያን የጭነት መኪና። ያንን መኪና ከነጭነቱ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ማውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ከድልድዩ ወደ ደጀን መልሶ ማውጣት ምን ዓይነት ሥራ እንደነበረ አንድ ያረጀ ሹፌር አግኝተሽ ጠይቂ። መሪው እንደዛሬው በሁለት ጣት የሚዞር አልነበረም። ፍሬኑ እንዳይግል በማርሽ እያገዱ ነው የሚወርዱት። አባቱ ያንን መንገድ ሲመላለሱ ያ ሰዓት እጃቸው ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን ስሚኝ። ሴይኮ ፋይቭ ባትሪ የለውም። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ከባድ ብረት አለች፤ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሷም ትዞራለች፣ ስትዞር ምንጩን (ያቺን የምትጠቀለል የብረት ጥብጣብ) ታጠብቃለች። ምንጩ ቀስ እያለ ሲፈታ ነው ሰዓቱ የሚሄደው። ስለዚህ ያ ሰዓት ሲሄድ የኖረው በአባቱ ክንድ ጉልበት ነው። መሪውን ሲጠመዝዙ ይሞላል፣ ማርሽ ሲቀይሩ ይሞላል፣ ጭነት ሲያስሩ ይሞላል። አሁን ባልሽ ሲያደርገው ደግሞ በሱ ክንድ ይሄዳል። አባቱን ያጣ ሰው ይህን ካወቀ በኋላ እንዴት አድርጎ ይተወው?

ሰዓት ሰሪ ጋ ሲወስደው አንድ ቀን አብረሽው ሂጂ፤ ክዳኑ ሲከፈት እዪው። በጣም ቀጭን የሆነች ክብ ነገር፣ በፀጉር በቀጠነች ጥቅልል ሽቦ ተይዛ፣ ወዲህና ወዲያ ስትል ታያለሽ። እነዚህ ሴይኮዎች በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታሉ፤ ይህ በቀን ከ5 መቶ ሺህ በላይ ምት ነው። አንዱ ጥርስ ሌላውን ሲገፋ፣ ሌላው ሲያግደው፣ ሁሉንም በዓይንሽ ትከታተይዋለሽ። የተደበቀ ነገር የለም። ስልክሽን ብትከፍቺው ምን ታያለሽ? ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግርሽ የለም። እነዚህ አሮጌ ዕቃዎች ሰውን የሚይዙት አንዱ በዚህ ነው፤ ሰው አስቦ የሠራውን ነገር ሌላ ሰው ገብቶት ሊጠግነው ይችላል።

ደግሞ ቀን የሚያሳይ ሰዓት እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱንም እወደዋለሁ። ፋብሪካው እስከ 31 ቆጥሮ ነው የሠራው፤ የኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በኛ አቆጣጠር የሚሄድ ሰው በየወሩ 31ን በእጁ እያዞረ ያሳልፋታል። ጳጉሜን ላይ 5 ወይም 6 ሲደርስ እንደገና ወደ 1 ማዞር አለበት። ሰዓቱን በኛ ሰዓት አቆጣጠር የሞላው ከሆነ ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት አይደለም፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ቀኑ ነጋ በምንልበት ሰዓት ማለት ነው። ባልሽ በወር አንድ ጊዜ ጥግ ይዞ ሰዓቱን ሲነካካ አይተሽው ከሆነ ይህንን እያደረገ ነው።

የሚገርመው፣ እነዚህ ሰዓቶች ከሞቱ መቆየት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ራሱ ሴይኮ አስትሮን የሚባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ (በባትሪና በክሪስታል የሚሠራ) የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ውስጥ ለገበያ አወጣ። ከዚያ በኋላ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት እየረከሰ መጣ። ዛሬ ማንኛውም ገበያ ላይ የምታገኚው ርካሽ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ በወር ቢያሳስታት ጥቂት ሰከንድ ነው። ጥሩ የሚባል የምንጭ ሰዓት ያንን ያህል በአንድ ቀን ሊያሳስት ይችላል። ስዊዞቹ ተመቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሰዓት ሥራ ወደ 90 ሺህ ሰው ያሠሩ የነበሩት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረዱ። ሰዓት ለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የምንጭ ሰዓት ያኔ ያከትምለት ነበር። ግን አላከተመለትም። ሰዓት የመንገር ሥራውን ሌላ ከተረከበው በኋላ ሰው የሚይዘው ስለወደደው ብቻ ሆነ። የድሮ መኪናም እንደዚሁ ነው። ቮልስ የሚይዝ ሰው ከሱ የተሻለ መኪና እንዳለ ጠፍቶት አይደለም።

ወደ ብሩ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊ። ትንሹ ልጅ በሰዓቶቹ ይጫወታል ብለሻል። ይቁም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምልሽ) ብዙ ሰዓቶች በጨለማ እንዲያበሩ ጠቋሚያቸውና ቁጥራቸው በራዲየም ይቀባ ነበር። ራዲየም ጨረር ያለው ነገር ነው፣ ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ሰዓቱ አሁን በጨለማ ስለማያበራ ጨረሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ ያለቀው ከሱ ጋር የተደባለቀው የሚያበራው ቀለም ነው። መስታወቱ ደህና ሆኖ እጅ ላይ ማሰሩ ብዙ አያስፈራም። አደጋው መስታወቱ ሲሰበርና ያ ቀለም ዱቄት ሆኖ ሲረግፍ፣ ልጅ በጣቱ ነክቶ አፉ ሲከተው ነው። ቁጥሮቹ ላይ ወደ ቡናማ የከረረ ቢጫ ቀለም ያለባቸውን አሮጌዎቹን ለይታችሁ ከመኝታ ቤት አውጧቸው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍባቸው፣ ባልሽም ክዳናቸውን በቢላ እየፈለቀቀ አይክፈት። የአባቱ ሴይኮ ከዚህ ውስጥ መሆኑ ያጠራጥራል፤ አብዛኞቹ ራዲየም እየቀረ በመጣበት ዘመን የመጡ ናቸው።

እሺ፣ ወደ «ያተርፈናል» እንምጣ። እዚህ ላይ ባልሽን አልደግፈውም።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንዳለሽ የሚመስለኝን ልንገርሽ። ሰው የወደደውን ነገር ሚስቱ ፊት «ወደድኩት» ከሚል «ያተርፋል» ቢል ይቀለዋል። በተለይ ቤቱ ጣሪያ እየጠበቀ። ትርፍ የሚለው ቃል አዋቂ ያስመስላል። ችግሩ አንዴ ትርፍ ካለ በኋላ በትርፍ ሊመዘን ነው፣ በትርፍ ሲመዘን ደግሞ ይሸነፋል።

ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ መገመት አያቅተኝም። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረው ሮሌክስ ዴይቶና እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አንድ የ1955 መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። እውነት ነው። ግን ያ ኡለንሃውት ኩፔ የሚባለው የመርሴዲሱ ዓይነት በዓለም ላይ የተሠራው ሁለት ብቻ ነው። ቮልስ ስንት ተሠራ? ከ21 ሚሊዮን በላይ። እ.ኤ.አ. በ1972 የፎርድን ሞዴል ቲ ቁጥር አልፎ፣ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ ሲመረት ኖረ። ቮልስን ደግ መኪና ያደረገው ይህ ብዛቱ ነው፤ ዕቃው እስከዛሬ ይገኛል፣ አሠራሩን የሚያውቅ መካኒክም አይጠፋም። ግን ያው ብዛቱ ብርቅ ዕቃ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

የኛው አገር ነገር ደግሞ አለ። ቮልስ ዋጋው ጨመረ ሲልሽ አልዋሸም። ግን ምን ሆኖ ጨመረ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በጥቂት ወራት ውስጥ ብር በዶላር ሲታይ ከግማሽ በታች ሆነ። ታዲያ የቮልሱ ዋጋ ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ቮልሱ አደገ ማለት ነው? አብዛኛው ብሩ ስለወረደ ነው። ቆርቆሮውም፣ ሚስማሩም፣ ሲሚንቶውም አብረው ጨምረዋል። ጣሪያው በዘገየ ቁጥር ይወደዳል፤ ያለ ጣሪያ የቆመ ግድግዳ ደግሞ አንድ ክረምት ምን እንደሚያደርገው የጎጃምን ዝናብ ለምታውቂው ላንቺ አልነግርሽም። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ትርፍና ኪሳራ አስሉ ከተባለ ጣሪያው ያሸንፋል። የቆመ ቮልስ ላይ ደግሞ የግዢው ዋጋ መጀመሪያው ነው። ጎማ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ፍሬን አለ፣ ላሜራ አለ፣ ቀለም አለ። መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ባለበት በዚህ ጊዜ አንድ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት እንደሚያስጠብቅ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለባልሽ እንዲህ በይው፦ «ትርፉን ተወው፣ ወደድከው ወይ?» ወደድኩት ካለ ሌላ ንግግር ነው፤ እሱ ላይ መደራደር ይቻላል። ለሚወደው ነገር በጀት ይመደብለታል። ዕቁቡ ግን የሁለታችሁ ነው፣ ለምን እንደሚውል ተስማምታችሁ የገባችሁበት ነው፣ አይነካም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ቮልሱ ያ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆሟል፣ ጣሪያው እስኪመታ ቢቆም አይሞትም። ደግሞ ሌላ ሰው ቢወስደው ሌላ ቮልስ አይጠፋም፣ 21 ሚሊዮን ነው የተሠራው ብዬሻለሁ። ለሱ ሌላ ትንሽ ዕቁብ ይግባ፣ የራሱን። አንቺም ስንት ሰበሰብክ እያልሽ አትጨቅጭቂው።

ከዚያችም ብር የመጀመሪያዋ ወጪ የአባቱ ሴይኮ ይሁን። ሰዓት ውስጥ ዘይት አለ፣ ዘይቱ በዓመታት ይደርቃል፣ ደርቆ ሲሄድ ደግሞ ብረት ብረትን ይበላል። «ይሄዳል እኮ» ብሎ መተው መኪናን ያለ ዘይት መንዳት ነው። በ5 ዓመት አንዴ ገደማ ተፈቶ ቢታጠብና ቢቀባ ይበቃዋል። ሰዓት ሰሪው ግን «ፊቱን አዲስ አስመስዬ ልቀባልህ» ካለው እምቢ ይበል። አካሉን በማሽን ላብርቀው ካለም እምቢ። ያ ጭረት የአባቱ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ለሰብሳቢ እንኳ ዋጋ ያለው ያልተነካው ነው፤ የተቀባ ፊት ያለው ሰዓት ሲሸጥ ወዲያው ይረክሳል። ውኃም አያስነካው፣ ጀርባው ላይ ውኃ አይገባኝም ተብሎ ቢጻፍም፣ ጎማዎቹ ከደረቁ ቆይተዋል።

የቀሩት ሰዓቶችስ? ግማሾቹ አይሠሩም ብለሻል። እዚህ ላይ ለባልሽ ጠንከር ያለ ነገር ነው የምለው። ከመሳቢያው አንድ ሳይወጣ አንድ አይግባ። ሰብሳቢ ማለት የሚመርጥ ሰው ነው። ለአንዱ ሰዓት ታሪኩን ከነገረሽ፣ ከማን እንደገዛው፣ ለምን እንደወደደው ከነገረሽ ይያዘው። ዝም ካለ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የገዛው ነው፤ ይሽጠውና በብሩ ሌላውን ያሠራበት። ከእንግዲህ ሲገዛ ደግሞ ፎርጅድ እንዳይሸጡለት ይጠንቀቅ። ሰዓቱ ከባድ ነው፣ ውብ ነው ብሎ አይግዛ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ላይ የተጻፈው ስም ፊቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ሳያይ ገንዘብ አያውጣ።

ቮልሱ ቀኑ ሲደርስ እንዴት እንደሚታይ ልጻፍልሽና ለሱም አንብቢለት። ከላይ ያለውን ቀለም አያምልክ። የቮልስ ገዳይ ዝገት ነው። የኋላውን መቀመጫ ያንሳው፤ ባትሪው እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ አሲዱ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። ጣቱ ወደ መሬት የሚያልፍበት ቮልስ ብዙ ነው። ቀጥሎ በሮቹ ሥር ያለውን የወለሉን ጠርዝ በእጁ ይደባብሰው፣ እዚያ ከተበላ መኪናው ጀርባ አጥንቱ ተነካ ማለት ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይሂድና አካሉ ላይ ያስነካው፤ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። በዚያው መቀመጫውን እንዳነሳ የሻንሲ ቁጥሩን ያየዋል፣ መሃል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው የተመታው። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያስተያየው። አንድ ቁጥር ቢለያይ ዞር ብሎ ይምጣ።

የሊብሬው ስም የሻጩ ነው? የሞተ ሰው ስም ከሆነ ወራሾቹ በፍርድ ቤት የወጣ ማስረጃ አላቸው? ሁሉም ወራሾች ተስማምተዋል? ለስንት ዓመት ቦሎ አልተለጠፈበትም? ይህን ሰው ይንቀዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነስቶበት ከጨረታው ወጥቶ ነበር፤ ተሸጠ የተባለው ከዚያ በኋላ በ2017 ነው፣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ። የንጉሠ ነገሥት ሰዓት በባለቤትነት ጥያቄ ከቆመ የአንድ ግቢ ቮልስማ እንዴት አይቆም።

ሞተሩስ? የቆመ ሞተር ቁልፍ አዙሮ አይነሳም። ዘይቱ ይቀየር፣ ሻማዎቹ ይውጡ፣ በእጅ እየዞረ ይላቀቅ፣ ከዚያ ነው። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየሩ፤ ይህን ሳያደርግ ቢያስነሳው መኪናው ከኋላ ሊነድ ይችላል፣ ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነውና ሹፌሩ እሳቱን ቶሎ አያየውም። አንድ ሌላ ነገር ልቡ ላይ ይጻፈው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያ ደግሞ ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጋ ነው የሚዞረው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ቦግ ካለ «ባትሪ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» አይበል። ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፤ ያኔ ሞተሩ ያለ ነፋስ ነው ያለው፣ ወዲያው ያቁም። ትርፍ ቺንጋ ከመኪናው አይጥፋ።

የኛ አገር ከፍታም አለ። የ1200ው ቮልስ ጉልበት አዲስ ሳለ እንኳ 34 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከፍታ በሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ካርቡራተር ያለው ሞተር አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ ሩቡን አጥቷል ማለት ነው። ቤንዚኑም ለአየሩ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካርቡራተሩ ለደጋ መስተካከል አለበት። ቤተሰብ ጭኖ አባይ በረሃን ሲወጣ ኋላው ያሉት መኪኖች ክላክስ ያደርጋሉ። ያድርጉ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቅዳሜ ልጆቹን ጭኖ ለመዞር፣ ለጥምቀት አጥቦ ለማውጣት ግን ይበቃዋል፤ የሚወደውም ለዚያ ነው ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ቁራሌው። ይቅርታ ጠይቂው። ስለ ዕቁቡ አይደለም፣ እሱ ላይ ልክ ነሽ፣ አትለሳለሺ። ስለ ቁራሌው። የአባቱ ሰዓት ያለበትን መሳቢያ ነው ለቁራሌው እሸጠዋለሁ ያልሽው፤ አንቺ የቆመ ዕቃ ማለትሽ ነበር፣ እሱ የሰማው ግን አባቱን ነው። ዝም ያለሽ በቮልሱ አይመስለኝም። ሽማግሌም አትጥሪ፣ ይህ ለሽማግሌ የሚደርስ ጉዳይ አይደለም፤ እናቱ ወይም እህቶቹ ፊትም አታንሺው። ልጆቹ ሲተኙ ቡናሽን አፍልተሽ መሳቢያውን ራስሽ አውጪና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፣ «እስቲ አንድ በአንድ ንገረኝ» በይው። ያልጠየቅሽው ሆኖ ነው እንጂ ብዙ የሚነግርሽ አለው፤ አባቱ ሰዓቱን የት እንደገዙት፣ በደሞዛቸው ስንት ወር እንደከፈሉ ያውቅ ይሆናል፣ ወይም አያውቅም፣ ያኔ አብራችሁ ዘመድ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጣሪያው አንሺለት። ቅድሚያ ጣሪያ፣ ከዚያ ሰዓቱ ይታጠባል፣ ከዚያ የሱ ትንሽ ዕቁብ፣ ከዚያ ቮልስ። ይህን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ቀን አድርጉበት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንቺም ቃልሽን ጠብቂ፤ ጣሪያው ካለቀ በኋላ «አሁን ደግሞ ሊሾው፣ አሁን ደግሞ አጥሩ» እያልሽ ቮልሱን እስከ ዘላለም አታራዝሚበት።

ለስብሰባ ባሕር ዳር ሲሄድ መኪናውን ሄዶ ይየው፣ አትከልክዪው። ብቻ ኪሱ ውስጥ ቀብድ የሚሆን ብር እንዳይኖር። የሊብሬውን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል ፎቶ አንስቶ ይምጣና ላኪልኝ፤ ዋጋው ምን ያህል መውረድ እንዳለበት ያን ጊዜ እነግራችኋለሁ።